ኻቢብን ከወደድነው፣ የቱን ኻቢብ?



ቂርቆስ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ጀግናዬ የሚለው ስፖርተኛ ድሮ ወይ ሯጭ ነበር፣ ወይ የአርሴናል አልያም የማንቸስተር ተጫዋች። አሁን ከካዛንቺስ እስከ ሪቼ ባሉት ሰፈሮች፣ በተለይ በእኛ በሙስሊም ወጣቶች ዘንድ፣ አንድ ሌላ ስም ተጨምሯል፤ ኻቢብ ኑርማጎሜዶቭ። ዶርም ውስጥም ያው ነው። አንዱ የበግ ፀጉር ባርኔጣውን ይወድለታል፣ አንዱ ጺሙን፣ አንዱ ካሸነፈ በኋላ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ «አልሐምዱሊላህ» ማለቱን። በመካከላችን ከሁሉ በላይ የሚዞረው ቪዲዮ ግን አጥሩን ዘሎ የተቀናቃኙን ቡድን ሲማታ የሚያሳየው ነው። «ዲኑን ሲነኩበት እንዲህ ነው!» እየተባለ ከስልክ ወደ ስልክ ይላካል።

እኔም ሰውዬውን እወደዋለሁ። ነገር ግን ከሕይወቱ ቆርጠን የወሰድነው ክፍል ትክክለኛው አይመስለኝም። የኻቢብ ኃይል ቁጣው አልነበረም፤ መቆጣጠሩ ነበር። መጀመሪያ ተጋጣሚውን መቆጣጠር፣ በመጨረሻም ራሱን።

ለማያውቁት ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ኻቢብ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 1988 በሩሲያ ፌዴሬሽን ሥር ባለችው በዳግስታን፣ ሲልዲ በምትባል የተራራ መንደር ነው። ዳግስታን ካስፒያን ባሕር ዳር ያለች፣ ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም የሆነ፣ ብዙ ብሔርና ብዙ ቋንቋ ያላት ተራራማ አገር ናት። አባቱ አብዱልመናፕ ታጋይ ነበር፤ በወታደርነት ዘመኑ ጁዶና ሳምቦ ተምሮ አሰልጣኝ ሆነ። ሳምቦ በሶቪየት ኅብረት ዘመን ከጁዶና ከልዩ ልዩ ሕዝቦች ባህላዊ ትግል ተቀናጅቶ የተሠራ ስፖርት ነው። አባትየው የሚኖሩበትን ቤት ምድር ቤት ማሰልጠኛ ስላደረገው፣ ልጁ ዓይኑን የገለጠው ምንጣፍ ላይ በሚታገሉ ወጣቶች መካከል ነው። በ9 ዓመቱ ከድብ ግልገል ጋር ሲታገል የተቀረጸውን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል።

እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በኮምባት ሳምቦ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2012 መጀመሪያ ዩኤፍሲ ገባ። ከ2014 እስከ 2016 ድረስ በጉልበት ጉዳት ለሁለት ዓመት ገደማ ሳይጋጠም ቀረ። በ2017 ደግሞ ክብደት ለመቀነስ ሲታገል ታሞ ሆስፒታል ገባና ግጥሚያው በዋዜማው ተሰረዘ። በኤፕሪል 2018 አል ያኩዊንታን አሸንፎ የ70 ኪሎ ግራሙን ምድብ ቀበቶ ወሰደ። በኦክቶበር 2020 ሲያቆም 29 ጊዜ ተጋጥሞ 29 ጊዜ አሸንፎ ነበር።

ይህ ሁሉ እንዴት ሆነ? እዚህ ላይ ኢንጂነሪንግ መማሬ ትንሽ ይረዳኛል። ስታቲክስ የወሰደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሰው ሳይወድቅ የሚቆመው የስበት ማዕከሉ በሁለት እግሮቹ መካከል ካለው መደላድል እስካልወጣ ድረስ ነው። አንድ እግሩን ካነሣህበት መደላድሉ ወደ አንድ ጫማ ስፋት ይወርዳል። ኻቢብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ተጋጣሚውን ወደ አጥሩ እየገፋ ማፈግፈጊያ ያሳጣዋል። ከዚያ ዝቅ ብሎ አንድ እግሩን ይይዛል። ያ ካልሆነለት ወደ ሁለቱ እግሮች ይዞራል። ያም ካልሆነ ወገቡን አቅፎ በእግሩ ጠልፎ ይጥለዋል። አንዱ ሙከራ ሲከሽፍ ለሚቀጥለው በር ይከፍታል እንጂ ጥረቱ ከንቱ አይቀርም። በሜይ 2013 አቤል ትሩሂሎን በሦስት ዙር ውስጥ 21 ጊዜ መሬት ላይ ጥሎት የዩኤፍሲ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል።

መሬት ከወረዱ በኋላ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ሰው ከተቀመጠበት ለመነሣት እግሩን ወደ ሥሩ መሳብ አለበት። ኻቢብ የተጋጣሚውን ሁለት እግሮች በራሱ እግሮች አጣምሮ ይቆልፋቸዋል። አንድ እጁን ደግሞ በጀርባው በኩል አዙሮ አንጓው ላይ ይይዝበታል፤ አድናቂዎች «የዳግስታን ካቴና» የሚሉት ይህ ነው። አሁን ያ ሰው የቀረው አንድ እጅ ነው። ወይ መሬቱን ተደግፎ ይነሣል፣ ወይ ፊቱን ይከላከላል፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይችልም። ኻቢብም አይቸኩልም። ቦታውን ሳያጸና አይመታም፣ አንገት ፍለጋም አይሄድም። ተጋጣሚውን የሚያደክመው ከቡጢው ይልቅ ሳያቋርጥ የሚጭንበት ክብደቱ ነው።

መድረሳ የቀራ ሰው ይህ ሥርዓት አይጠፋውም። ዑስታዛችን አንዲት ሐርፍ ከመኽረጇ በትክክል እስክትወጣ ድረስ ደጋግመው ያስቀሩን ነበር። ሳትጠራ ወደሚቀጥለው አያ ማለፍ የለም። ልጅ ሆነን ያሰለቸን ነበር፤ ነገር ግን ቁርኣን ምላስ ላይ የሚቀመጠው እንዲያ ነው። የአብዱልመናፕ ምድር ቤትም ከዚህ የተለየ አልነበረም። መምህር፣ ድግግሞሽ፣ ሰብር፤ ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የተሰጥዖ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው ደግሞ ኢስላም ማካቼቭ ነው። በዚያው አባት እጅ ያደገ፣ ከኻቢብ ጋር ከልጅነት ጀምሮ የታገለ ነው። አብዱልመናፕ በጁላይ 2020 ከኮቪድ ጋር በተያያዘ ሕመም ካረፈ በኋላ የማካቼቭን ሥልጠና ኻቢብ ያዘ። በኦክቶበር 2022 አቡ ዳቢ ላይ ማካቼቭ ቻርልስ ኦሊቬራን አሸንፎ ያንኑ ቀበቶ ወሰደ። መምህሩ ቢያልፍም ትምህርቱ ሥራውን ቀጥሏል።

አሁን ወደምንወደው ቪዲዮ እንሂድ። ኦክቶበር 6 ቀን 2018፣ ላስ ቬጋስ፤ በእኛ አቆጣጠር እሁድ መስከረም 27 ቀን 2011 ማለዳ። ከግጥሚያው በፊት የነበሩት ወራት አስቀያሚ ነበሩ። ኮኖር ማክግሪገር በኤፕሪል ብሩክሊን ውስጥ ኻቢብ የተሳፈረበትን አውቶቡስ መስታወት በብረት ጋሪ ሰብሯል። በኋላም አባቱን፣ አገሩንና እምነቱን እያነሣ ሰድቧል። በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ሳይቀር ውስኪ እንዲጠጣ ወትውቶታል። ኻቢብ አልጠጣም፣ አልጮኸምም። ግጥሚያው ውስጥ በሁለተኛው ዙር በቡጢ ጣለው፣ በአራተኛው ዙር አንገቱን ጠምዝዞ እጅ አሰጠው። ለስድቡ ሁሉ መልስ ያ ነበር። መልሱም የተሟላ ነበር።

ከዚያ ግን አጥሩን ዘለለ። ያተረፈው ምን ነበር? የኔቫዳ ስፖርት ኮሚሽን ለ9 ወር አገደው፣ 500,000 ዶላርም ቀጣው። የተከተሉት ሁለት ጓደኞቹ ለአንድ ዓመት ታገዱ። በማግስቱ ጋዜጦች የጻፉት ስለ ድሉ ሳይሆን ስለ ድብድቡ ነበር። አባቱ ራሱ ዩኤፍሲ ከሚቀጣው የከበደ ቅጣት እንደሚጠብቀው በአደባባይ ተናገረ። ኻቢብም በዚያው ሌሊት ወጥቶ ኮሚሽኑን ይቅርታ ጠየቀ፤ ይህ መልካሙ ጎኑ እንዳልሆነም ተናገረ። እንግዲህ ባለቤቱና አባቱ ያፈሩበትን ድርጊት እኛ እንደ ጀብዱ የምንቀባበለው ለምንድን ነው?

«በአባቱና በዲኑ መጥተውበት ዝም ይበል ወይ?» የሚል ወንድም ይኖራል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ዝም አላለም፤ አራት ዙር ሙሉ መልሷል። ብርቱ ማለት ሰውን ታግሎ የሚጥል ሳይሆን ሲቆጣ ነፍሱን የሚገዛ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል፤ ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ምሳሌው ከትግል መወሰዱን ልብ በሉ። በዚያ ሌሊት ኻቢብ ማክግሪገርን ጥሎ፣ ወዲያው በነፍስያው ተጣለ።

እኔ የምመርጠው ቪዲዮ ሌላ ነው። ኦክቶበር 24 ቀን 2020፣ አቡ ዳቢ። አባቱ ከሞተ ገና አራት ወር አልሞላም። ጀስቲን ጌይጂ እጅ እንደማይሰጥ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ወላጆቹም ሊያዩት መጥተዋል። በሁለተኛው ዙር ኻቢብ ክንዱን ለመስበር የሚያስችል ዕድል ነበረው። የቡድን ጓደኛው ዳንኤል ኮርሚየር እንደተናገረው ግን፣ በወላጆቹ ፊት ክንዱን መስበር ስላልፈለገ በእግሮቹ አንገቱን አንቆ ግጥሚያውን ጨረሰው። ከዚያ መሐል ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ያለ አባቱ ዳግም እንደማይጋጠም ለእናቱ ቃል መግባቱን ተናገረና ጓንቱን አውልቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ገና 32 ዓመቱ ነበር፤ ቢቀጥል የሚያገኘው ገንዘብ ብዙ ነበር። የእናቱን ሐቅ አስቀደመ፣ ቃሉንም እስከ ዛሬ አላጠፈም። የዚህ ሰው ትልቁ ቴክኒክ ይህ ይመስለኛል፤ ማቆም ማወቅ።

ስፖርቱን በጅምላ የሚቃወሙ ወንድሞችም አሉ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ፊትን መምታት በሐዲስ የተከለከለ ነው። በመካ ያለው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ቦክስንና አካልን የሚጎዳውን ነፃ ትግል ከልክሏል። ለአካል ማጎልመሻ የሚደረገውን፣ ጉዳት የማያደርሰውን ትግል ግን ፈቅዷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሩካና ከተባለው ታጋይ ጋር መታገላቸው በሲራ መጻሕፍት የተወሳ ነው። ፈትዋ የዓሊሞች ሥራ ስለሆነ እኔ አልገባበትም። ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። የኻቢብን ጥበብ ለመማር የግድ የሰው ፊት መደብደብ አያስፈልግም። የጥበቡ ትልቁ ክፍል ያለው በትግሉ ውስጥ ነው። ትግል ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ አባቶቻችን በየመስኩ ታግለው አድገዋል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ጉዳዩ ሰፈሬ ስለሆነ ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ሄደ። የፈረሰው ቤት ብቻ አይደለም። ልጆች የሚውሉበት ግቢ፣ የሚራገጡበት ባዶ ቦታ፣ ታላቅ ወንድም ታናሾቹን የሚያሠለጥንባት ጠባብ ቤትም አብራ ሄዳለች። የቀረው ልጅ መምህሩ ስልኩ ሆኗል። ከስልክ ላይ አንገት ማነቅ ይማርና በጓደኛው ላይ ይሞክራል። በአንገት ግራና ቀኝ ያሉት የደም ሥሮች ሲዘጉ ሰው በ10 ሰከንድ አካባቢ ራሱን ይስታል። አንገት መጠምዘዝ ደግሞ አከርካሪን ሊጎዳ ይችላል። ምንጣፍ ላይ አሰልጣኝ ባለበት የሚታገል ሰው መጀመሪያ የሚማረው መያዝን አይደለም፤ ባልደረባው በመዳፉ መታ መታ ሲያደርግ ወዲያውኑ መልቀቅን ነው። ቪዲዮው ይህን አያሳይም።

ስለዚህ ለጀመዓችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በዓመቱ የስፖርት ፕሮግራም ከእግር ኳሱ ጎን የትግል ሥልጠና ይግባ። ውድ ዕቃ አያስፈልገውም፤ ወፍራም ምንጣፍ፣ ጁዶ ወይም ትግል በሥርዓት የተማረ አንድ አሰልጣኝ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከዐስር በኋላ። እህቶች የራሳቸው ሰዓትና አሰልጣኝ ይኑራቸው። ፊት መምታት አይፈቀድ። ለውድድር ብሎ ውኃ እየተወ ክብደት የሚቀንስ አይኑር፤ ኻቢብን እንኳ ሆስፒታል ያስገባ ነገር ነው። በረመዷን ይቁም፤ እሱም በረመዷን አይጋጠምም ነበር። በዕረፍት ጊዜ ደግሞ ወደየሰፈራችን ስንመለስ የተማርነውን ለታናናሾቻችን እናድርስ። ካዛንቺስም ቂርቆስም፣ ከዚያ ተነሥተው ሩቅ የሄዱትም ልጆች ከስልክ የተሻለ መምህር ይገባቸዋል።

ባርኔጣውን የፈለገ ይግዛ፤ ነውር የለውም። ነገር ግን አንድ ወንድም መንገድ ላይ ሲሰድቡት፣ ወይም ዶርም ውስጥ ነገር ሲፈልጉት «ኻቢብ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» ብሎ ራሱን ከጠየቀ፣ መልሱን ከ2018ቱ ዝላይ ሳይሆን ከ2020ው ምሽት ይውሰድ። መስበር እየቻለ ያልሰበረውን ሰው ያስታውስ።

አላህ ብርታቱንም ልጓሙንም ይስጠን።