የንፋስ መከላከያ በቁመቱ ብቻ አይመረጥ

በረጅም ጉዞ ንፋስ ጭንቅላቱን የሚያንገላታው ሞተረኛ መጀመሪያ የሚያስበው ከፍ ያለ የንፋስ መከላከያ መግዛት ነው። ቁመት ብቻውን መፍትሔ ነው ብዬ ግን አላምንም። ፍጥነት ከ60 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ የንፋሱ ግፊት 4 እጥፍ መሆኑ እውነት ነው። አንገትን ይበልጥ የሚያደክመው ግን ቀጥ ብሎ የሚመጣው ንፋስ ሳይሆን ከመከላከያው ጠርዝ ተነጥሎ እየተሽከረከረ ሄልሜቱን የሚደበድበው ነው። ከመከላከያው ጀርባ ያለው የአየር ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ በላይና በጎን የሚያልፈውን ንፋስ ወደ ነጂው ይስበዋል። ከሥሩ ክፍተት ያለው መከላከያ አየር እያስገባ ይህን ልዩነት ያጠብባል፤ እኔ ከቁመት በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

«ዝናቡና ብርዱስ?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በክረምት ለሚጓዝ ሰው ሰፋ ያለ መከላከያ ደረቱን ያድንለታል። ነገር ግን ጭቃና የዝናብ ጠብታ በሸፈነው ፕላስቲክ አሻግሮ መንገድ ማየት፣ በተለይ በሌሊት፣ አደገኛ ነው። ስለዚህ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን መስመር በታች ቢያበቃ ይሻላል። የነጂው ቁመትና የመቀመጫው ከፍታ ውጤቱን ስለሚለውጡት ለአንዱ የተስማማው ሌላውን ሊያሰቃይ ይችላል፤ ሻጮችም ገዢው በመንገድ ላይ ሞክሮ እንዲቀይር ሊፈቅዱለት ይገባል።