አምፕሊፋየሩ ይቆይልን

ብዙ ሰው ሙዚቃው አልጠራ ሲለው አምፕሊፋየሩን ይወቅሳል፡፡ አባቴም አዲስ ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ጀምረዋል፡፡ እኔ ግን በበኩሌ፣ ብፌው ላይ ተጣብቀው የተቀመጡት ሁለት ስፒከሮች አስቀድመው ይለያዩ ባይ ነኝ፡፡ የአምፕሊፋየር ኃይል እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ለጆሮ ጥቂት ነው፡፡ (ደካማው አምፕሊፋየር ከዐቅሙ በላይ ሲጮኽ ድምፅ እንደሚያበላሽ አልክድም፡፡)

እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን በ1931 እ.ኤ.አ. ለስቴሪዮ የፈጠራ መብት ሲጠይቅ፣ ዐሳቡ ጆሮ ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ እንዲለይ ነበር፡፡ ስፒከሮቹ ተጣብቀው ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል?

አባቴ ሥራ በሄዱበት ቀን ስፒከሮቹን ከብፌው አውርጄ በ2 ሜትር አራራቅኋቸው፤ ወንበሬንም ከእያንዳንዳቸው በ2 ሜትር ርቀት አኖርሁ፡፡ ባዶው የጎን ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ስለሚያደባልቀው ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልሁበት፡፡ እናቴ ይህን አልወደዱትም፡፡ ዘፋኙ ግን ከመካከል፣ ክራሩም ከግራ በኩል የቆመ ሆኖ ተሰማኝ፤ ወጪውም ምስማር ብቻ ነበር፡፡

አባቴ ገና አላመኑም፡፡ እኔ ግን ያ ገንዘብ ለታናሽ እኅቴ የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲውል እለምናቸዋለሁ፡፡