ከአሶሳ ጋምቤላ፦ 210 ኪሎ ሜትር ወይስ 950?

ስልካችሁ ላይ የርቀት ማስያ ከፍታችሁ ከአሶሳ ኤርፖርት ጋምቤላ ኤርፖርት ብትሉት፣ በቀጥታ መስመር 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላችኋል። በአገር ውስጥ መስመሮች የለመድነው ኪው 400 አውሮፕላን 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ሒሳቡ ልክ ነው።

ግን የአገር ውስጥ በረራ በአብዛኛው የተዘረጋው ቦሌን መሃል አድርጎ ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ 475፣ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ሌላ 475። በዚያ በኩል ስትሄዱ 950 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው፤ ሁለት በረራ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ሰዓት በላይ። ሰዓቱ ካልገጠመ የአዳር አልጋም ከኪስ ነው።

አየር መንገድ ይሄን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። 70 ምናምን ወንበር ከአሶሳ ጋምቤላ በሚሄድ ሰው ብቻ አይሞላም፤ ቦሌ ላይ ግን ከየአቅጣጫው የመጣው ይደማመራል።

«ታዲያ በመኪና ሂዱ» እንዳይባል መንገዱ የሚያልፈው በወለጋ ነው። እዚያ የጸጥታው ችግር ዓመታት አስቆጥሯል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን ይሄን አስሉ፦ ለሁለቱ ከተሞች ለየብቻ ደርሶ መልስ መብረር 1,900 ኪሎ ሜትር ነው። ቦሌ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ ቦሌ ብሎ አንዴ መዞር ግን 1,160 ብቻ። በሳምንት ሁለት ቀን እንዲህ ቢሞከር፣ ወንበሩን የሚሞላው የሁለቱም ከተማ መንገደኛ ነው።