ዉዱእ ስናደርግ ጆሯችንንም እናስተውል

 

ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ አልቢኒዝም ያለበት ነው። በቀኝ ጆሮው ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ቁስል ነበረችው። ቅርፊቷ ይነሣል፣ ትደማለች፣ መልሳ ቅርፊት ትይዛለች። ወላጆቹን አስጠርቼ መቼ እንደጀመረች ብጠይቅ አባት «ከዒደል አድሐ ወዲህ ነው» ሲሉ እናት ደግሞ «ኧረ ረመዷን ሳይገባ ነው!» አሉ። እስከዚያው ቅባት ይቀቡለት ነበር። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ከቁስሉ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱም የቆዳ ካንሰር ሆነ። ከጆሮው ጠርዝ ጥቂት ተቆርጦ ወጣ፤ ልጁ አልሐምዱሊላህ ዛሬ ደህና ነው።

የዚህ በሽታ ዋና መንስኤ የፀሐይ ጨረር ነው። ቆዳን ከጨረር የሚጋርደው ሜላኒን የተባለ ቀለም ሲሆን አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ይህ በጣም ያንሳቸዋል። (አልቢኒዝም አብሮ የሚወለድ እንጂ ለምጽ አይደለም፤ በንክኪም አይተላለፍም።) የጨረሩ ኃይል በየ1000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ደጋ ላይ ብርድ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። ሴት ልጆቻችንን ሒጃብ ጆሯቸውን ይሸፍንላቸዋል። የወንዶቹ ቆብ ግን ጆሮን አይጋርድም፤ ዙሪያው ሰፊ ባርኔጣ ያስፈልጋቸዋል።

ጆሮ ላይ ቆዳው ስስ ነው፤ ከሥሩ ወዲያው ልም አጥንት አለ። ስኳመስ ሴል የሚባለው የካንሰር ዓይነት ጆሮ ላይ ሲወጣ ከብዙ ሌሎች ቦታዎች ይልቅ ወደ አንገት ንፍፊቶች የመዛመት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ አንገትንም ይዳብሳል። በዓይን አይቶ መጠርጠር ይቻላል፤ የሚያረጋግጠው ግን የናሙና ምርመራ ነው። በቀዶ ሕክምና የወጣውም ሥጋ ዳር ዳሩ ከካንሰር ነጻ መሆኑ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

የዚያ ቤተሰብ ችግር መርሳት ነበር። እንግዲህ ደብተር እንያዝ፦ ቁስሉ የታየበት ቀን፣ የትኛው ጆሮና የት ላይ እንደሆነ፣ በማስመሪያ የተለካ ስፋቱ ይጻፍ። በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ ይነሣ። የናሙናው ውጤት ወረቀት አይጣል፤ በሽታው ሊመለስ ስለሚችል ለዓመታት በሚደረገው ክትትል ሐኪሙ ይፈልገዋል። አንድ ወር ገደማ ያልዳነ ቁስል ግን ደብተር መሙላት ሳይሆን ሐኪም ይሻል።

በየቀኑ ለዉዱእ ጆሯችንን በጣታችን እናብሳለን። ያን ጊዜ የሚሻክር ወይም የሚደማ ነገር ካገኘን አንለፈው። ቁስሉ ታሽጎ ሐኪም ውኃ አታስነኩ ካለም ስለ ዉዱኡ ዓሊሞችን እንጠይቅ፤ ዲናችን በታመመ ላይ አያጠብቅም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል። ተወኩል ማለትም ሰበብ አድርሶ በአላህ መመካት ነው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።