ሦስት ፎቶ ብቻ

ይህችን ጽሑፍ ልለጥፍ አልለጥፍ እያልኩ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር ደግሞ ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ተቆጡኝ።

አሜሪካ ሆኖ ለሚስቱ ወይም ለባሏ ፕሮሰስ የጀመረ ሐበሻ ሁሉ ማስረጃ መሰብሰብ ምን እንደሆነ ያውቃል። የጋብቻ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ትዳሩ የእውነት እንጂ ለግሪን ካርድ ተብሎ የተደረገ አለመሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ በዚህ አንታማም፤ የሽምግልናው፣ የሠርጉ፣ የመልሱ፣ የቅልቅሉ ፎቶ ሁሉ አለን። አልበም ተሸክመን ነው የምንገባው።

በቅርቡ አንድ ልጅ የምስክርነት ቃል እንድተረጉምለት መጣ። እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትቼዋለሁ። እሱ የአሜሪካ ዜጋ ነው። ሊያመጣው የሚፈልገው እጮኛው ደግሞ ወንድ ነው፤ የሚኖረውም እንዲህ ያለ ግንኙነት በሚያሳስርበት አገር ነው።

«ፎቶ አላችሁ?» አልኩት።
«ሦስት።»
«የተጻጻፋችሁትስ?»
«ማታ ማታ እናጠፋዋለን። ስልኩ ቢፈተሽ እሱ ነው የሚታሰረው።»
«ከቤተሰብ የሚመሰክርላችሁስ?»
ዝም አለ።

ሕጉ ዛሬ አያዳላም። ግን እዚህ የተደረሰው በቀላሉ አይደለም። በ1975 አሜሪካዊው ሪቻርድ አዳምስና አውስትራሊያዊው ቶኒ ሱሊቫን ኮሎራዶ፣ ቦልደር ውስጥ የጋብቻ ፈቃድ አውጥተው ተጋቡ። አዳምስ ለሱሊቫን ሲያመለክት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እዚህ የማልደግመው ስድብ ያለበት የእምቢታ ደብዳቤ ላከላቸው። ከሰሱ፤ በ1982 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ፈረደባቸው። አዳምስ በታኅሣሥ 2012 ሞተ። ስድስት ወር ቆይቶ፣ በሰኔ 2013፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፌዴራሉ መንግሥት ለእንዲህ ያሉ ጋብቻዎች እውቅና እንዳይሰጥ የሚከለክለውን የ1996 ሕግ አንቀጽ ሻረ። ሱሊቫን በዚያው በ1975ቱ ጋብቻ ግሪን ካርድ ያገኘው በ2016 ነው፤ ያውም ሚስት ወይም ባል እንደሞተበት ሰው ተቆጥሮ።

ታዲያ ዛሬ ሕጉ ለሁሉም እኩል ከሆነ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ማስረጃው ላይ ነው። ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕጋዊ መሆን አለበት። በአገራቸው መጋባት የማይችሉ ሰዎች ወይ ሦስተኛ አገር ቪዛ አግኝተው መጋባት፣ ወይ በእጮኛ ቪዛ መምጣትና በ90 ቀን ውስጥ መጋባት ነው ያላቸው ምርጫ። ለእጮኛ ቪዛ ደግሞ በመደበኛው ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን ማሳየት አለባቸው። ከዚያ እጮኛው እዚያው አገሩ ያለው ኤምባሲ ሄዶ ፍቅሩን ያስረዳል። ተራ ሲጠብቅ ከኋላው የቆመው ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ የእኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ይህን ድርጊት በእስር ያስቀጣል።

በአደባባይ የኖረ ሰው ማስረጃው በራሱ ይጠራቀምለታል። ተደብቆ የኖረ ሰው ግን የተረፈው ማስረጃውን በማጥፋቱ ነው። አንዱ መንግሥት «ደብቅ፣ አለዚያ ትታሰራለህ» ይለዋል፤ ሌላው «ካልደበቅክ አሳየኝ» ይለዋል።

«ታዲያ ማስረጃ ይቅር ነው የምትለው? ማጭበርበር አይበዛም ወይ?» የሚል ይኖራል። ማስረጃ ይቅር አላልኩም። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ አጭበርባሪ ፎቶ ቸግሮት ያውቃል? ተከራይተው የለበሱት ቬሎ፣ ለካሜራ የተቆረሰ ኬክ፣ ኪራይ ውል ላይ ብቻ አብረው የሚኖሩ «ባልና ሚስት» እዚህ ያለን ሰዎች አላየንም? የምለው፣ ፎቶ ለምን እንደሌለ በቃለ መሐላ የሚያስረዳ ሰው ከነምክንያቱ ይሰማ። የፓስፖርት ማኅተም፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ በየወሩ የተላከ ብርም ይናገራል። የሠርግ አልበም የለም ማለት ፍቅር የለም ማለት አይደለም።

«ሃይማኖቴ አይፈቅድም» የምትሉኝን አከብራለሁ። ባርኩልኝ አላልኳችሁም። ግን የኤምባሲ ቀጠሮ ስንጠብቅ ያረጀን ሰዎች ነን። ልጁ በቪዲዮ ብቻ የሚያውቀው አባት በየሰፈራችን አለ። የምንወደው ሰው ወዲያ ማዶ ቀርቶ እኛ ወዲህ ስንቀር ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ያንን ስቃይ ለሌላ ሰው «ይበለው» ማለት እንዴት ያስችለናል?

በተለይ አስተርጓሚ ለሆናችሁ፣ ፎርም ለምትሞሉ፣ ዶክመንት ለምትተረጉሙ ወገኖቼ፤ እጃችሁ የገባው ወረቀት የሰው ሕይወት ነው። በቡና ላይ «እገሌ እኮ...» ብላችሁ የምትጀምሩት ወሬ እዚያ ማዶ ሰው ያሳስራል። መሥራት ካልፈለጋችሁ «አልሠራም» በሉና መልሱት፤ ያያችሁትን ግን አታውሩ።

እኔ የልጁን ወረቀት ተርጉሜ ሰጥቼዋለሁ። ቀጠሮ እየጠበቁ ነው።

ኮሜንት ላይ ተከራከሩኝ፣ ደስ ይለኛል። ልጁ ማን እንደሆነ ለመገመት የሚሞክር ኮሜንት ካየሁ ግን አጠፋዋለሁ።

ቸር ያሰማን።