በሃይማኖታችን ስም የምንፈርመው ወረቀት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እዚህ በቨርጂኒያ ግዛት ልጁን ሳያስከትብ ትምህርት ቤት ማስገባት የሚሻ ወላጅ የሚሞላው አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ዝርዝር ምክንያት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክትባት ከሃይማኖቱ ትምህርት ወይም ሥርዓት ጋር እንደሚጋጭ ወላጁ በመሐላ እንዲያረጋግጥና በኖታሪ ፊት እንዲፈርም። በየቤታችን «ኤግዘምፕሽን» የሚባለው ይህ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስለዚህ ወረቀት የሚጠይቁ ወላጆች በዝተዋል፤ ቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ደብዳቤ ትጽፍልን ይሆን የሚሉም አሉ። ስለ ክትባቱ አሠራር ከእኔ ይልቅ ሐኪሞቻችሁን ብትሰሙ ይሻላል። የእኔ ጥያቄ ስለ መሐላው ነው። ክትባትን የሚከለክል ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችን ሳይኖር «ሃይማኖቴ ይከለክለኛል» ብሎ መማልና መፈረም እንዴት ይቻላል?

ክርክሩ በአሜሪካ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈንጣጣ ክትባት አልወስድም ብሎ አምስት ዶላር የተቀጣውን የያኮብሰንን ጉዳይ መርምሮ፥ ግዛቶች ለሕዝብ ጤና ሲሉ ክትባትን ግዴታ ማድረግ እንደሚችሉ ፈርዷል። (ያኮብሰን ራሱ የሉተራውያን ፓስተር ነበረ።) ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ግዛቶች በሃይማኖት ምክንያት ከግዴታው ነፃ መሆንን በሕጋቸው አካተቱ። በዘመናችን ግን ነገሩ በሁለት አቅጣጫ ይጎተታል። ካሊፎርኒያ በ2015፣ ኒው ዮርክና ሜይን በ2019፣ ኮነቲከት በ2021 ይህን መብት ከሕጋቸው አወጡ። በሌላ በኩል በሚሲሲፒ በ2023 የፌዴራል ፍርድ ቤት መብቱ እንዲሰጥ አዘዘ፤ የዌስት ቨርጂኒያ አገረ ገዥ በጥር 2025 ተመሳሳይ ትእዛዝ አወጣ፤ የፍሎሪዳ የጤና ባለሥልጣን ደግሞ በመስከረም 2025 የትምህርት ቤት ክትባት ግዴታን ከነጭራሹ ለማስቀረት ማቀዳቸውን አስታወቀ። የፌዴራሉ የጤና ሚኒስትር ሮበርት ኬኔዲም በሰኔ 2025 ስለ ክትባት መንግሥትን የሚያማክሩትን 17 ባለሙያዎች በሙሉ በአንድ ቀን አሰናበቱ።

በዚህ ሁሉ መካከል በ2024–25 የትምህርት ዘመን መዋዕለ ሕፃናት ከገቡት ልጆች 3.6 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ ከአንድ ክትባት ነፃ ተደርገዋል፤ ከዚህ በፊት ይህን ያህል ሆኖ አያውቅም። የኩፍኝ ክትባት ሽፋን ወደ 92.5 በመቶ ወርዷል። ኩፍኝ እንዳይዛመት ደግሞ 95 በመቶ ያህሉ መከተብ አለበት። ከዚህ በታች ሲወረድ ምን እንደሚሆን በቴክሳስ አይተናል፤ በጥር 2025 በጌይንስ ካውንቲ የጀመረው ወረርሽኝ እስከ ነሐሴ 762 ሰዎችን ያዘ፤ ያልተከተቡ ሁለት ሕፃናትም ሞቱ።

እንግዲህ ወደ መሐላው እንመለስ። ቤተ ክርስቲያናችን መድኃኒትን ትቃወማለችን? መጽሐፈ ሲራክን የተቀበለች ቤተ ክርስቲያን ይህን ልትል አትችልም። ምዕራፍ 38ን ገልጣችሁ አንብቡ፤ ባለ መድኃኒትን ስለ ማክበር፥ መድኃኒትም ከማን እንደተገኘ የሚናገረውን ታገኛላችሁ። ሕዝቅያስ አልቅሶ ጸለየ፤ ጸሎቱም ተሰማለት፤ ነቢዩ ግን በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ ለድውያን ማረፊያና መታከሚያ ቤት ሠራ። ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ነው የሚል ካለ፥ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን በእንጦጦ ጠበል ይሰባሰቡ በነበረበት ጊዜ የሆነውን ያስታውስ። «ጠበሉ ይበቃኛል» ብለው መድኃኒታቸውን የጣሉ ነበሩ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ግን ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፥ ሁለቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ጠበል እያለ ክትባት አያስፈልግም ማለት እምነት የሚመስላችሁ ካላችሁ፥ ጌታችን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ቆሞ ራስህን ወርውር ለተባለው የሰጠውን መልስ አስቡ። የአምላክን ጥበቃ ማመንና አምላክን መፈታተን ይለያያሉ።

በነገራችን ላይ ቃሉ ራሱ የእኛ ነው። «ከተበ» በግእዝ «ጻፈ» ማለት ሲሆን፥ ክታብም ክትባትም ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቁስል ጥቂት ወስዶ የጤነኛውን ቆዳ እየበጡ መከተብ በአገራችን ይደረግ እንደነበረ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል። ኢትዮጵያ በ1971 እ.ኤ.አ. የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ጀምራ በአምስት ዓመት ውስጥ የመጨረሻውን ሕመምተኛ አየች። ያንን የሠሩት በየገደሉና በየበረሃው በእግር የዞሩ ከታቢዎች ናቸው። ዛሬ በፈንጣጣ ፊቱ የተጠቃቆረ ወጣት በመካከላችን የለም፤ አያቶቻችን ግን ያስታውሱታል። ክትባት ከባዕድ የመጣ፥ ሃይማኖትን የሚቃረን ነገር እንደሆነ የሚያወራ ሰው ሲገጥማችሁ ይህን ንገሩት።

እውነተኛ የሕሊና ጥያቄ የለም ማለቴ ግን አይደለም። አለ፤ ሊናቅም አይገባውም። ከኩፍኝ ጋር በአንድ መርፌ የሚሰጠው የጀርመን ኩፍኝ ክትባት የሚመረተው በ1960ዎቹ ከተቋረጠ ፅንስ በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ነው። እነዚያ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ እየተባዙ እስከ ዛሬ ደርሰዋል። ክትባቱን ለማምረት አዲስ ፅንስ አይቋረጥም፤ የኩፍኙም ክፍል የሚመረተው በዶሮ ፅንስ ሕዋስ ላይ ነው፤ ቢሆንም መነሻው አንድ ክርስቲያንን ቢያሳዝነው አልፈርድበትም፤ እኔንም ያሳዝነኛል። ነገር ግን የጀርመን ኩፍኝ ነፍሰ ጡርን ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ እንወቅ። ክትባቱ ሳይገኝ በ1964 እና 1965 በአሜሪካ በተነሣው ወረርሽኝ 11,000 ያህል እናቶች ፅንሳቸውን አጡ፤ 20,000 ያህል ሕፃናት ማየት የተሳናቸው፣ መስማት የተሳናቸው ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሆነው ተወለዱ። ስለ ፅንስ ክብር ብሎ ክትባቱን የሚተው ሰው እነዚህንም ፅንሶች በሚዛኑ ላይ ያኑር። አምራቾቹ ሌላ መንገድ እንዲፈልጉ መጠየቅና መጮኽ የክርስቲያን መብት ነው፤ ልጅን በበሽታ ፊት ያለ ከለላ ማቆም ግን ያንን ጩኸት አያደርስለትም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከእሪያ የሚገኘው ጄላቲን ነው። ይህን የጠየቁኝ እናቶች ነገሩን በትክክል ደርሰውበታል፤ በአሜሪካ በብዛት የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ጄላቲን አለበት። በአፍ የሚበላ ምግብና በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አንድ ነው ወይ የሚለውን ለመምህረ ንስሐችሁ አቅርቡ፤ እኔ ዲያቆን እንጂ በዚህ ፈራጅ አይደለሁም። ነገር ግን ሳትጨነቁ የምታልፉበት መንገድ አለ። ከ2022 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደው ፕሪዮሪክስ የተባለው ክትባት ጄላቲን የለውም። ስሙን ጠርታችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ሕሊናው በእውነት የተጨነቀ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው።

አብዛኛው ጥያቄ ግን ከእነዚህ የሚመጣ አይደለም። ብዙዎቻችን ጋ ያለው ፍርሃት ነው፤ የፍርሃቱም ስም ኦቲዝም ነው። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በ1998 እንድርው ዌክፊልድ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም 12 ሕፃናትን ብቻ ይዞ የጻፈውን ጽሑፍ ያወጣው መጽሔት በ2010 ሰርዞታል፤ ሐኪሙም ከሙያው ተሰናብቷል። በዴንማርክ ከ650,000 በላይ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2019 የወጣው ጥናት በኩፍኝ ክትባትና በኦቲዝም መካከል ግንኙነት አላገኘም። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ልጁ ክትባቱን በሚወስድበት ዕድሜ አካባቢ በመሆኑ፥ አንዲት እናት ሁለቱን ብታያይዝ አይገርምም። ጎረቤቶቻችን የሆኑት በሚኒሶታ የሚኖሩ ሶማሌዎች በዚሁ ወሬ ክፉኛ ተጎድተዋል። በ2004 ከሕፃናታቸው 92 በመቶ የኩፍኝ ክትባት ይወስዱ ነበር፤ በ2014 ወደ 42 በመቶ ወረደ፤ በ2017ም ኩፍኝ ገባባቸው። ዌክፊልድ ራሱ ወደዚያ ማኅበረሰብ ሄዶ አነጋግሯቸው ነበር። የፈራች እናት መሳለቂያ ልትሆን አይገባትም፤ ልትሰማ ይገባታል። ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ከሰው ዓይን የምንሸሽገውም እኛው ነንና፥ እናቱ ብቻዋን ስትሆን ወሬ ቢያገኛት ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ፍርሃት ፍርሃት ነው፤ ሃይማኖት አይደለም። ፍርሃትን «ሃይማኖቴ» ብሎ በመሐላ መጻፍ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራት ነው። የፖለቲካ አቋምም እንደዚሁ ነው። የመንግሥትን ግዴታ የሚጠላ ሰው ይህን በድምፁና በብዕሩ ይግለጽ፤ ቤተ ክርስቲያንን ግን ምስክር አድርጎ አይጥራት።

ሕጉስ ምን ይሁን? በእኔ አሳብ የሕሊና በር ፈጽሞ ባይዘጋ መልካም ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በዐዋጅ ሃይማኖት ለውጡ የተባሉ አባቶች ልጆች ነንና፥ መንግሥት ሕሊናን ሲያስገድድ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ነገር ግን በሩን የሚያዘጋው ማን ነው? በኒው ዮርክ ሕጉ ሲሻር ከቀረቡት ክርክሮች አንዱ ብዙዎች ሃይማኖትን ሽፋን ያደርጉታል የሚል ነበር። ሐሰተኛ ፊርማ በበዛ ቁጥር እውነተኛ ሕሊና ያለው ሰው የሚገባበት በር ይጠባል። ደግሞም ሰማዕት የሚሆን ሰው የሚሰጠው የራሱን አንገት እንጂ የጎረቤቱን ሕፃን አይደለም።

ይህን የምለው ቤተ መቅደሳችን ምን እንደሚመስል አስቤ ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ፥ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ ከዚያም በየሰንበቱ በእናታቸው ክንድ ታቅፈው ይቆርባሉ። የኩፍኝ ክትባት ግን በመደበኛው የሚሰጠው በ12 ወራቸው ነው። ኩፍኝ የያዘው ሰው ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ በአየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። እንግዲህ በክረምት በሩ ተዘግቶ፥ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ በሚቆምበት ቅዳሴ ላይ እነዚያ ሕፃናት የሚጠበቁት በዙሪያቸው ያሉት በመከተባቸው ነው። የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ እናቶችና አባቶችም አሉን፤ እነርሱ ይህን ክትባት መውሰድ አይችሉም። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ደካማው ወንድም ሲል መብቱን እንደተወ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል፤ ያውም ስለ ሥጋ መብላት ነበር።

በአገር ቤት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት ሕፃናት 43 በመቶ ብቻ ነበሩ። እዚያ ብዙዋ እናት የምትቸገረው ክትባቱን ለማግኘት ነው፤ ጤና ኬላው ይርቃታል፤ መድኃኒቱ ያልቃል፤ ጦርነት መንገድ ይዘጋባታል።

ወጣቶች ሆይ፥ በየቤታችሁ ቅጽ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። አባትና እናታችሁ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ስትሏቸው አምነዋችሁ ይፈርማሉ። ስለዚህ የታናናሾቻችሁ የክትባት ወረቀት ሲመጣ «ሃይማኖቴ» የሚለውን ቃል ሳትዘሉ ተርጉሙላቸው፤ መሐላ መሆኑንም ንገሯቸው። ጥያቄ ካላቸው ለሐኪሙ የሚቀርበውን ለሐኪሙ፥ ለካህኑ የሚቀርበውን ለካህኑ አቅርቡላቸው፤ ቀጠሮውን ያዙላቸው፤ አብራችሁ ገብታችሁም አስተርጉሙላቸው።

በዚህ ክረምት ሕፃን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱ ቤተሰቦችም አሉ። ኩፍኝ በአገራችን ዛሬም በየጊዜው ይነሣልና፥ ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ሕፃን ከስድስት ወሩ ጀምሮ አንድ ቀደም ያለ ክትባት እንዲወስድ ሐኪሞች ይመክራሉ። ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መሆን አለበት፤ ከዓመቱ በኋላ የሚሰጡትን ሁለቱን ግን አያስቀርም። ለሐኪሙ ስትደውሉ የጉዞውን ቀን ንገሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።