ለተራራ የምትሆነዋ ቢላ አሞራ ገደል አለች

የሀይኪንግ ወዳጆቼ ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሰሞኑን አንድ የቢላ ፎቶ ተለጠፈ። ጥቁር ነው፤ ጀርባው የመጋዝ ጥርስ አለው፤ እጀታው ውስጡ ባዶ ሆኖ ክብሪትና የዓሣ መንጠቆ ይይዛል፤ ጫፉ ላይ ኮምፓስ ተገጥሞለታል። «ለዶዶላ ጉዞ ይሄን ላስመጣ?» ይላል ከሥሩ። የእሳት ኢሞጂው ተደርድሯል። የኔ መልስ አጭር ነው፦ ይቅርብህ። ምክንያቱ ግን ትንሽ ስለሚረዝም እዚህ አመጣሁት።

እንዲህ ዓይነቱ ቢላ ስም ያወጣው ተራራ ላይ ሳይሆን ሲኒማ ቤት ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የራምቦ ፊልም ከወጣ በኋላ ባዶ እጀታ ያለው ትልቅ ቢላ በየአገሩ ፋሽን ሆነ። የፊልሙን ቢላ የሠራው የታወቀ ባለሙያ ነበር። ርካሹ ቅጂ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብረቱ እጀታው ጋ ሲደርስ ያልቅና በአንድ ብሎን ተይዞ ይቀራል። ጫን ስትሉት የሚለቀው እዚያው ጋ ነው። የጀርባው መጋዝም ለእንጨት የሚረባ አይደለም። ኮምፓሱን ደግሞ ኪሳችሁ ያለው ስልክ ይሠራዋል።

እስቲ በእናታችሁ፣ ተራራ ላይ በቢላ ምን ትሠራላችሁ? ሽንኩርትና ቲማቲም ትከትፋላችሁ፣ ዳቦ ትቆርጣላችሁ፣ አቮካዶ ትከፍላላችሁ፣ ገመድ ትበጥሳላችሁ፣ እሳት በተፈቀደበት ቦታ ለማቀጣጠያ ከደረቅ እንጨት ላይ ስስ ስስ ልጣጭ ታወጣላችሁ። በቃ። «ለአደንም ይሆናል» የሚለውን ማስታወቂያ እዚህ አገር እርሱት። የዱር እንስሳት ሕጋችን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ከኛ ብዙ በማይርቀው ሰንቀሌ ያለው ቆርኪ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌለ እንስሳ ነው፤ በአደንና በግጦሽ መሬት ማጣት አልቆ ሊጠፋ የደረሰ። ቢላችሁ የሚያርፍበት ትልቁ አውሬ ቆሮሶ ቢሆን ይሻላል።

ቆሮሶን ካነሳን አይቀር አሞራ ገደል እንሂድ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ፊሌቶ የሚያወጡትን ልጆች ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን የምናየው ዓሣውንና አባ ኮዳውን ነው። እጃቸውን እዩ። የያዙት ቢላ አጭር፣ ስስ፣ ስትሳል ኖራ የጠበበች ነገር ናት። ጫፏ ከአከርካሪው አጠገብ ትገባለች፣ አጥንቱን ተከትላ ትወርዳለች፣ ቆዳውን ትገፋለች። ደግሞ ሌላ ዓሣ። ቀኑን ሙሉ። ወፍራም ቢላ ይዘው ቢሆን ኖሮ እጃቸው እስከ ረፋዱ በዛለ ነበር። የቀጠነ ብረት በቀላሉ ይገባል፣ ወፍራም ብረት ይሰነጥቃል፤ ቲማቲም ላይም ያው ነው። ስለዚህ ቢላ መምረጥ የሚፈልግ ሰው ዩቲዩብ ላይ ሁለት ሰዓት ከሚያጠፋ እዚያ ግማሽ ሰዓት ቢቆም ይሻለዋል። ሾርባም አለ።

በቁጥር ካላችሁ፣ ስለቱ ከ9 እስከ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከነአፎቱ ከ150 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ግማሽ ሊትር ውኃ ብቻ ግማሽ ኪሎ እንደሆነ አስቡና የዚያን ጥቁር ቢላ ክብደት አስሉት። ከዓለም ርካሽና ምርጥ ከሚባሉት አንዱ የስዊድኑ ሞራ ቢላ ነው፤ ስለቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከነአፎቱ 120 ግራም ገደማ። በ1991 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ከበረዶ ውስጥ የወጣው፣ ከ5 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የአልፕስ ተጓዥ እንኳ ቀበቶው ላይ የነበረችው የድንጋይ ቢላ ከነእጀታዋ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ናት። ሰውየው ተራራ የሚያቋርጥ ሰው ነበር፤ ኮምፓስ አላስገጠመባትም።

«ሰንጢስ? ኪስ ውስጥ ይገባል እኮ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይገባል። ግን መታጠፊያው ውስጥ አሸዋ፣ የዓሣ ስብና የዳቦ ፍርፋሪም ይገባል፤ መቆለፊያው ያረጀ ወይም የሌለው ከሆነ ደግሞ እየሠራችሁበት ጣታችሁ ላይ ይታጠፋል። ከጤና ጣቢያ ሁለት ቀን የእግር መንገድ ርቆ ጣት መቁረጥ ቀልድ አይደለም። የማይታጠፍ ቢላ አንድ ቁራጭ ነው፣ ታጥቦ ያልቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ይህችን ቢላ ከውጭ ማስመጣት የለብንም። የአገራችን አንጥረኞች የከባድ መኪና ባሌስትራ ቀጥቅጠው ቢላና መጥረቢያ ይሠራሉ፤ ባሌስትራ ደግሞ ለስለት የሚመች ጠንካራ ብረት ነው። የሚያስቸግረው ውፍረቱ ነው። ዝም ብላችሁ «ቢላ ሥራልኝ» ካላችሁ ገጀራ የሚያህል ሊመጣላችሁ ይችላል። ስለዚህ ከካርቶን ቅርጹን ቆርጣችሁ ውሰዱ፤ ጀርባው ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ የብረቱ ጭራ እስከ እጀታው መጨረሻ እንዲዘልቅ ተናገሩ። ስለቱ ቀይ እስኪሆን ግሎ ዘይት ውስጥ መነከሩን፣ ከዚያም በዝቅተኛ ሙቀት ተመልሶ መሞቁን ጠይቁ። መጀመሪያ ያደረገው ያጠነክረዋል፣ ሁለተኛው እንዳይሰበር ያደርገዋል። ስትረከቡ ሞረድ ስለቱ ላይ ሳብ አድርጉበት። ሞረዱ ቢያንሸራትት ጥሩ ነው፤ እንደ ቅቤ ከነከሰው አልጠነከረም ማለት ነው፣ መልሱት።

ታዲያ ለምን አናዝም? እውነቱን እንነጋገር፣ ዋጋ ብቻ አይደለም። «ቀጥቃጭ» በዚህ አገር ስድብ ሆኖ የኖረ ቃል ነው። በሲዳማ አንጥረኞቹ ቱንቲቾ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ሀዲቾ፣ ቆዳ ፋቂዎቹ አዋቾ ተብለው ለዘመናት ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተደርገዋል፤ በሌላውም የአገራችን ክፍል ታሪኩ ብዙ አይለይም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ያኛው ትውልድ ማጭዱን ተቀብሎ ሠሪውን ገፋ፤ እኛ ደግሞ «ሀንድሜድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የውጭ ቢላ በዶላር እያየን እንጎመጃለን። እጅ ማለት እኮ እዚህም ያለው እጅ ነው! አንድ የሀይኪንግ ግሩፕ ተሰብስቦ ሃያ ቢላ ቢያዝ፣ ሠሪውን በስሙ ጠርቶ ሥራውን ኢንስታግራም ላይ ቢለጥፍ (እሱ ከፈቀደ)፣ ለአንድ ወርክሾፕ የወር ሥራ ሊሆን ይችላል። ስትደራደሩም ሠሪው የሚቀጥለውን ከሰል የሚገዛበት እንዲተርፈው አድርጉ።

ስለ አያያዝ አንድ ሁለት ነገር። ወገብ ላይ ታጥቆ ከተማ ውስጥ መዞር ይቅር። መናኸሪያ ላይ ፍተሻ አለ፣ ፈታሹም ሽንኩርት ልትከትፉ እንደሆነ አያውቅም። ቢላው በአፎቱ ሆኖ ከምግብ ዕቃው ጋር ሻንጣው ሥር ይግባ። በአውሮፕላን ከሆነ በእጅ ሻንጣ አይቻልም፣ በሚጫነው ውስጥ ነው። ገጠር ስትደርሱም ያው ነው፤ መንገድ የምትጠይቋቸው እናት ወገባችሁ ላይ ጩቤ የሚመስል ነገር ካዩ ልጆቻቸውን ነው የሚጠሩት።

ባሌስትራ ይዝጋል። ዓሣ ወይም ሎሚ ከነካ ወዲያው አጥቡት፣ አድርቁት፣ የምግብ ዘይት ቀቡት። እርጥብ የቆዳ አፎት ውስጥ አታሳድሩት። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ለመክፈት ደግሞ ጫፉን አትውጉበት፣ ይሰበራል። ቆርቆሮውን ገልብጡና የክዳኑን ጠርዝ ሻካራ ድንጋይ ላይ ፈትጉት፤ ስፌቱ ሲሳሳ ጎኑን ጨመቅ ስታደርጉት ክዳኑ ይነሳል።